የእሳት አደጋ መከላከያ መስፈርት ወረቀት ተሰጠኝ፤ ለአንድ የእንጨት ሥራ ሼድ ምን ማለት ነው?

አናጢው ቱሉ ዲምቱ | ኅዳር 14፣ ከምሽቱ 3፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ አነስተኛ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ የኪችን ካቢኔት እንሠራለን። ከኔ ጋር ስድስት ሰው ነን። ዘንድሮ ንግድ ፈቃዴን ላሳድስ ስሄድ የእሳት አደጋ መከላከያ መስፈርት የሚል ሁለት ገጽ ወረቀት ሰጡኝና «ይህን አሟልተህ ጠብቅ፣ ባለሙያ መጥቶ ያያል» አሉኝ። አምና እንዲህ ያለ ነገር አልተጠየቅኩም። ታኅሣሥ 30 ካለፈ ደግሞ ቅጣት እንዳለው ታውቃላችሁ።

ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። «ለሥራው ዓይነት ተስማሚ የሆነ እሳት ማጥፊያ» ይላል። ተስማሚው የትኛው ነው? «ከውስጥ ያለ ቁልፍ የሚከፈት የአደጋ ጊዜ መውጫ» ይላል። ያለኝ አንድ በር ነው፤ ትልቅ የብረት ተንሸራታች፣ አይሱዙ የሚያስገባ። እሱ አይበቃም? ተቀጣጣይ ፈሳሽ ተለይቶ ይቀመጥ ይላል፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ በባለሙያ ይረጋገጥ ይላል፣ ሠራተኞች ይሠልጥኑ ይላል። ቤቱ እኮ ቆርቆሮ ነው፣ ፎቅ እንኳ የለውም። ይህ ሁሉ ለትልልቅ ፋብሪካ የወጣ ነበር የሚመስለኝ።

ጎረቤቴ «አንድ ሲሊንደር ገዝተህ ግድግዳ ላይ ስቀል፣ ሌላውን አያዩትም» አለኝ። እኔ ግን ገንዘቤን ማውጣቴ ካልቀረ ነገሩ ገብቶኝ ባደርገው ይሻለኛል። የምታውቁ በሚገባኝ ቋንቋ አስረዱኝ።

የሳይት መሐንዲስ | ኅዳር 14፣ ከምሽቱ 4፡02

ወንድሜ፣ «ለትልልቅ ፋብሪካ» ካልከው ልጀምር። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሏቸዋል። ብዙ ሰው ምድቡ በፎቅ ብዛት ብቻ ይመስለዋል። በዚያ አዋጅ ምድብ «ሐ» ውስጥ ግን ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሕንፃ ነበረ፣ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ነበረ፣ ፋብሪካና ወርክሾፕም ነበረ። ወርክሾፕ ከሆነ ቁመቱ አይጠየቅም ነበር። ያንተ ሼድ መሬት ላይ የተኛ ቆርቆሮ ቢሆንም ወርክሾፕ ነው፤ ያንኑ የሚያህል መኖሪያ ቤት ቢሆን ኖሮ ሌላ ምድብ ውስጥ ይገባ ነበር።

በ2003 ደግሞ የዚህ አዋጅ ማስፈጸሚያ ደንብ ቁጥር 243 ወጣ፣ ከሥሩ መመሪያም ነበረው። ወረዳ ስትሄድ መጀመሪያ የምትጠይቀው «ይህ ዝርዝር ከየትኛው ሕግ የመጣ ነው? አሁን የሚሠራበት የትኛው ነው?» የሚለውን ይሁን። ቁጥሩንና ዓመቱን ጻፈው። ሕግ ይሻሻላል፣ አሮጌው ፎቶ ኮፒ ግን ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ይከርማል። አንድ ደንበኛዬ በአሮጌ ዝርዝር ሁሉንም አሟልቶ ከጨረሰ በኋላ እንደገና ከዜሮ ጀምሯል።

መሣሪያ አቅራቢ | ኅዳር 15፣ ከጠዋቱ 2፡25

እሳት ማጥፊያ መሸጥ ሥራዬ ነው፣ ስለዚህ የማየውን ልንገርህ። በዚህ ሰሞን የሚመጣው ሰው ሁሉ «ርካሹን ስጠኝ» ነው የሚለው። «ምን የሚሠራበት ቤት ነው?» ብዬ ስጠይቅ ይገርመዋል።

አንተ ጋ ሦስት ዓይነት እሳት ሊነሳ ይችላል። እንጨቱና ሰጋቱራው አንድ፣ ቲነርና ቫርኒሹ ሁለት፣ የኤሌክትሪክ ቦርዱ ሦስት። ኤቢሲ የሚባለው ደረቅ ዱቄት ለሦስቱም ይሆናል። ቦርዱ አጠገብ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብትጨምር ጥሩ ነው፣ ዕቃውን አያበላሽም። ውኃ ለሰጋቱራ ጥሩ ነው፤ ቲነር ላይ ወይም መብራት ያልተቆረጠበት መስመር ላይ ግን እንዳታስበው።

ፊደሉ ላይ ሰው ሁሌ ይሳሳታል። በአውሮፓ ምልክት «ሲ» ማለት የጋዝ እሳት ነው። በአሜሪካ ምልክት «ሲ» ማለት የኤሌክትሪክ እሳት ነው። የምግብ ዘይት ደግሞ በአውሮፓ «ኤፍ» ነው፣ በአሜሪካ «ኬ»። አገራችን የሚገባው ከየአቅጣጫው ስለሆነ ፊደሉን ትተህ ከጎኑ ያለውን ሥዕል እይ።

ስትገዛ የግፊት መለኪያው ቀስት አረንጓዴው ላይ መሆኑን እይ፣ ፒኑ መታሸጉን፣ የተመረተበትን ዓመት። ከገዛህ በኋላ በወር አንዴ አንተው እያት፣ በዓመት አንዴ ባለሙያ ይያት። ባለ 6 ኪሎዋ ስትለቀቅ ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ብትቆይ ነው። ከዚያ በኋላ ባዶ ብረት ነች። ይህን ስነግራቸው ብዙዎች ፊታቸው ይለወጣል፣ ለአምስት ደቂቃ የምትረጭ ይመስላቸዋል። የምትሰቅላትም መውጫው አጠገብ ይሁን። እሳቱን ስትዋጋ በሩ ከጀርባህ ሆኖ እንዲጠብቅህ ነው።

ነጋዴ ነኝ ገላን | ኅዳር 15፣ ከቀኑ 6፡40

ሁላችሁም ትክክል ናችሁ፣ ግን ወጪውን ማንም አላነሳም። እኔም ጋራዥ አለኝ። በየዓመቱ አዲስ ነገር ይመጣል። ስናሟላ ይለወጣል። አንዱ ባለሙያ «ይበቃል» ያለውን ሌላው መጥቶ «አይበቃም» ይላል። ከዚያ የሚያየው ጠፍቶ ፋይሌ ሦስት ወር ተቀመጠ። ደንቡን አልጠላም። አሠራሩ ግን ሰውን ሲሊንደር ተውሶ እንዲሰቅል እየገፋው ነው። ተውሶ የሰቀለ ሰው አውቃለሁ፣ ባለሙያው በሄደ ማግስት ባለቤቱ መጥቶ ወሰዳት።

ሜሪላንድ ያለሁት | ኅዳር 15፣ ከምሽቱ 2፡15

ያልከው ያማል፣ እውነትም ነው። እኔ እዚህ አሜሪካ የሕንፃ ቁጥጥር ውስጥ ነው የምሠራው። እዚህም ኮዱ ይለወጣል፤ ልዩነቱ መቼ እንደሚለወጥ ሰው አስቀድሞ ያውቃል። የእሳት ኮዶቹን የሚያዘጋጁት ኤንኤፍፒኤ እና አይሲሲ የሚባሉ ድርጅቶች ናቸው። አብዛኞቹ በየሦስት ዓመቱ ይታደሳሉ። ግን እትሙ ስለወጣ ብቻ ሕግ አይሆንም፤ ግዛቱ ወይም ከተማው በሕግ ሲቀበለው ነው የሚጸናው። ስለዚህ አንዱ ጋ አዲሱ እትም ሲሠራ ጎረቤቱ ገና አሮጌው ላይ ሊሆን ይችላል። መሐንዲሱ «የትኛው ነው የሚሠራበት ብለህ ጠይቅ» ያለህ ለዚህ ነው፤ የትም አገር ጥያቄው ይሄው ነው።

አናጢው፣ ሌላ የሚጠቅምህ ነገር አለ። ኤንኤፍፒኤ 101 የሚባለው የሰው ሕይወት ደኅንነት ኮድ ለአዲስ ሕንፃ ሌላ ምዕራፍ፣ ለነባር ሕንፃ ሌላ ምዕራፍ አለው። ነባሩን አፍርሰህ ሥራ አይልህም። መውጫ ላይ ግን ነባሩንም አይለቀውም። ባለሙያው ሲመጣ «ይህ ነባር ሼድ ነው፣ የግድ የሚሆነው የትኛው ነው? ጊዜ የሚሰጠውስ የትኛው ነው?» ብለህ ጠይቀው። መልሱን በጽሑፍ እንዲሰጥህ ለምነው። ሁለተኛው ባለሙያ ሌላ ነገር ቢል የምታሳየው ይኖርሃል። አንተም ጋራዡ፣ እንዲሁ አድርግ።

የብሎክ ጸሐፊ አራብሳ | ኅዳር 15፣ ከምሽቱ 3፡30

ይቅርታ፣ የናንተን ወሬ ላቋርጥ ነው። እኔ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም የብሎካችን ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ። ስለ ሥራ ቤት ስታወሩ የኛ ሕንፃ መወጣጫ ደረጃ ታየኝ። ዛሬ ከሥራ ስገባ ደረጃው ላይ ያለውን ከታች እስከ አራተኛ ፎቅ ቆጠርኩ። ሰባት የውኃ በርሜል፣ አራት ማዳበሪያ ከሰል፣ አንድ የተሰበረ ሶፋ፣ ሁለት ብስክሌት። በርሜሉን መውቀስ አልችልም፣ ውኃ በፈረቃ ነው የምናገኘው። ግን ሌሊት መብራት ጠፍቶ ጭስ ቢሞላ ልጅ ታቅፋ የምትወርደው እናት በየት ታልፋለች? ሦስተኛ ፎቅ ላይ ደግሞ አንዷ ጎረቤታችን ኮሪደር ላይ ነው እንጀራ የምትጋግረው፣ ከቤቷ በማከፋፈያ ገመድ ስባ። ብነግራት ተጣላን። ምን ብዬ ላስረዳት?

የመብራት ባለሙያ | ኅዳር 15፣ ከምሽቱ 4፡20

እህቴ፣ በቁጥር አስረጃት፣ በቁጣ ካልሆነ ትሰማለች። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። 3500 ዋት ለ220 ቮልት ሲካፈል ወደ 16 አምፒር ነው፣ ያውም ለሰዓታት። ከሱቅ የምትገዛው ቀጭን ማከፋፈያ ያን ያህል አይችልም፣ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ደግሞ ይብሳል። ሦስተኛውን እንጀራ ስታወጣ ሶኬቱን በእጇ ጀርባ እንድትነካው አድርጊ። ከሞቀ ውስጡ እየቀለጠ ነው። ለምጣድ የራሱ መስመር፣ የራሱ ብሬከር (ጭነት ሲበዛ መብራቱን የሚቆርጠው) ነው የሚዘረጋለት።

አናጢው፣ ያንተ ጋ የምፈራው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ «ብሬከሩ እየወረደ አስቸገረን» ብለው ባለ 16 አምፒሩን አውጥተው ባለ 32 ያስገባሉ። ሽቦው ያው የድሮው ነው። ከዚያ በኋላ ብሬከሩ አይወርድም፣ ሽቦው ግን ግድግዳ ውስጥ ይጋላል። ብሬከሩ ሲወርድ እየጠበቀህ ነበር። ሁለተኛ፣ የቦርድህን ክዳን ክፈተው፣ ግን ዋናውን መብራት አጥፍተህ። ባለፈው ወር አንድ እንጨት ቤት ስከፍት ሰጋቱራው እንደ ዱቄት በብሬከሮቹ መሃል ተጋግሮ አገኘሁት፣ አንዱ ጥግ ላይ ቡናማ ሆኖ ነበር። ቤቱ ያልተቃጠለው በእግዚአብሔር ቸርነት ነው። ክዳኑ የሚገጥም ቦርድ አድርግ፣ በየሳምንቱ ጥረገው።

ጡረታ የወጣሁ የእሳት አደጋ | ኅዳር 16፣ ከጠዋቱ 12፡50

ልጆቼ፣ ሁሉንም አነበብኩት። በዚህ ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ያያችሁትን ስለምትጽፉ ደስ ብሎኛል።

አናጢው፣ ስለ ሲሊንደር ብዙ ተባልክ። እኔ ስለ ቲነርህ ልጠይቅህ። የት ነው የምታስቀምጠው? የቲነር ትነት ከአየር ይከብዳል፣ እንደ ውኃ ወለል ለወለል ይሄዳል። ቆርቆሮው እዚያ ጥግ ተከፍቶ እዚህ ጥግ ብየዳ ቢኖር ይደርስበታል። ቫርኒሽ የጠረጋችሁበት ጨርቅስ? በዘይት ቫርኒሽ የራሰ ጨርቅ ተጨማድዶ ከተከመረ ማንም ክብሪት ሳይጭርበት በራሱ ሞቆ ይነዳል። ይህን ብዙ አናጢ አያምነኝም። ክዳን ያለው የብረት ጣሳ፣ ውስጡ ውኃ፣ ማታ ማታ ደጅ። ሌላ አይፈልግም።

መንገድህንም እየው። በ2017 ጥቅምት የመርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል መኪኖቹ በጠባቡ መተላለፊያ ለመግባት መቸገራቸውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። የናንተ ሰፈር ከመርካቶ የሰፋ ይመስላችኋል፣ ግን ማታ አይሱዙዎቹ ግራና ቀኝ ቆመው አሸዋ ሲደፋ እኔ አይቻለሁ። የሼዶቹ ቁጥርም በር ላይ አይጻፍም። ወደ 939 ስትደውል «ቱሉ ዲምቱ» ብቻ ብትል መኪናው ሲዞር ይውላል። ከዋናው አስፋልት እስከ በርህ ያለውን ምልክት በወረቀት ጽፈህ ከስልኩ አጠገብ ለጥፍ። የደነገጠ ሰው የገዛ ሰፈሩን ስም ይረሳል፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

የመጨረሻ ጥያቄ። ማታ እዚያ ቤት ማን ያድራል? በሩስ በየት በኩል ነው የሚቆለፈው?

አናጢው ቱሉ ዲምቱ | ኅዳር 17፣ ከጠዋቱ 1፡15

ጋሼ፣ ጥያቄዎን ትናንት ማታ ነው ያነበብኩት። ለመመለስ ከበደኝ፣ ግን ልመልስ።

ሁለት ልጆች ያድራሉ። አንዱ 19 ዓመቱ ነው፣ አንዱ 22። ኪራይ ስላልቻሉ እዚያው ከላይ ቆጥ ላይ ፍራሽ አንጥፈው ነው የሚተኙት። ማሽን እንዳይሰረቅ ብዬ ማታ ስወጣ ተንሸራታቹን በር በውጭ በኩል በቁልፍ እዘጋዋለሁ። ቁልፉ ኪሴ ነው ያለው። ቤቴ አቃቂ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ አድርጌአለሁ። ወረቀቱ ላይ «ከውስጥ ያለ ቁልፍ የሚከፈት» የሚለውን ሦስት ጊዜ አንብቤ እነሱ ትዝ አላሉኝም። ስለ በሩ ስፋት ነበር የማስበው።

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ተነስቼ ሄድኩ፣ አንኳኩቼ ቀሰቀስኳቸውና ቁልፉን ሰጠኋቸው። ትንሹ «ምን ሆንክ ጋሼ?» አለኝ። ምን እንደምመልስለት አላወቅኩም።

ስፌት ቤት የምሠራ | ኅዳር 17፣ ከቀኑ 7፡05

ወንድሜ እግዚአብሔር ይስጥህ። እኛ 40 ሴቶች ነን፣ ሼድ ውስጥ። ቀን ቀን የኋላው በር ጨርቅ ይወጣል ተብሎ ይቆለፋል። የቁልፉን ሰው ፈልገን ካላገኘነው ሽንት ቤት እንኳ አንወጣም። አሠሪያችን ክፉ ሰው አይደለም፣ እንዳንተ አላሰበውም ይሆናል። ይህን ገጽ ላሳየው ነው።

ሜሪላንድ ያለሁት | ኅዳር 17፣ ከምሽቱ 1፡50

እህቴ፣ ይህንንም ጨምረሽ አሳዪው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 25 ቀን 1911 ኒውዮርክ ውስጥ ትሪያንግል የሚባል የሸሚዝ ስፌት ፋብሪካ ተቃጠለ። 146 ሰው ሞተ። አብዛኞቹ እንዳንቺ ያሉ ወጣት ሰፊዎች ነበሩ። ከመውጫዎቹ አንዱ በር ተቆልፎ ነበር፤ ሠራተኞቹ ዕቃ እንዳይሰርቁ ነው የተባለው። ዛሬ እኔ የምሠራበት የመውጫ ደንብ ከዚያ እሳት በኋላ በ1913 ከተቋቋመ ኮሚቴ የተነሳ ነው። ከ100 ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ምክንያቱ ግን ያው የጨርቅ ሌባ ነው።

ለስርቆት መፍትሔ አለ። ከውስጥ በደረት ሲገፉት የሚከፈት፣ ከውጭ እጀታ የሌለው በር ይገጠማል፤ ሲከፈት የሚጮህ ደወል ከላዩ ላይ ይደረጋል። ሌባም ይያዛል፣ ሰውም ይወጣል።

አናጢው ቱሉ ዲምቱ | ታኅሣሥ 2፣ ከምሽቱ 2፡40

ስለቆየሁ ይቅርታ። የደረስኩበትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ከሩቁ ማሽን እስከ በሩ በእርምጃ ለካሁ። 31 እርምጃ ነው፣ ያውም በኤምዲኤፍ (የተጨመቀ የእንጨት ሰሌዳ) ክምር ዙሪያ ዞሬ። ክምሩን ወደ ግራ ግድግዳ አዞርኩት። ከኋላ በኩል ቆርቆሮውን ቆርጠን ወደ ውጭ የሚከፈት የብረት በር ገጠምን፣ ከውስጥ መወርወሪያ ብቻ ነው ያለው። ብየዳውን የሠራው ጎረቤቴ ነው፣ ያው «ሲሊንደር ስቀል» ያለኝ። ሲጨርስ የራሱን በር ቆሞ ሲያየው ነበር።

የቦርዱን ክዳን ስከፍት ሰጋቱራው እንደተባለው ነው። ብሬከሩም ባለ 32 ነበር፣ ማን እንደቀየረው አላውቅም። የመስመሩ ሥራ ገና አላለቀም፣ ገንዘቡ አልደረሰልኝም። ቲነሩ ደጅ የብረት ሳጥን ውስጥ ገብቷል። ሲሊንደር ሁለት ገዛሁ፣ አንድ ዱቄት፣ አንድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ።

ባለሙያው ትናንት መጣ። ነባርና አዲስ የሚለውን ጠየቅኩት። ቆም ብሎ አየኝና ተቀምጦ ጻፈልኝ፤ በሩና ማጥፊያው ተሟልቷል፣ ለመስመሩ 30 ቀን። የጋራዡ ወንድሜ፣ የተጻፈበትን ቅጽ ፎቶ በውስጥ ልኬልሃለሁ።

የቀረኝ ሥልጠናው ነው። ጋሼ፣ ደፍሬ ልጠይቅዎት? አንድ እሑድ መጥተው ልጆቹን ቢያሳዩልኝ። ከጎን ካሉት ሼዶችም ወደ 20 ሰው ይመጣል።

የብሎክ ጸሐፊ አራብሳ | ታኅሣሥ 2፣ ከምሽቱ 3፡15

እኔም ልምጣ? ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤቴ ሶኬቱን ነክታ እጇን አነሳች። አሁን እሷ ናት ከሰሉን ከደረጃ የምታስነሳው። አብረን እንመጣለን።

ጡረታ የወጣሁ የእሳት አደጋ | ታኅሣሥ 3፣ ከጠዋቱ 1፡00

የፊታችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እመጣለሁ። ኑ፣ ሁላችሁም። አሮጌ በርሜል፣ ትንሽ ናፍጣና ጊዜዋ ያለፈ አንድ ሲሊንደር አዘጋጁ፣ ደጅ ላይ በተራ ታጠፋላችሁ። ከዚያ አስቀድሞ ግን ልጆቹ የሚተኙበትን ቆጥ ማየት እፈልጋለሁ። ለእንግዳ ብላችሁ እንዳታስተካክሉት፣ ማታ እንደሚሆነው ይቆየኝ። ዓይናቸውን በጨርቅ አስሬ ከፍራሹ እስከ አዲሱ በር በእጃቸው እየዳሰሱ እንዲወርዱ አደርጋለሁ፣ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ እንቆጥራለን።